«እናት» የሚለው ዓምድ

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ውሃው ይፈሳል፤ ታናሽየዋ እህት ግን እየታጠበች አልነበረም። ከመስታወቱ ጋር ታወራለች። «እኔ ነኝ የወለድኩሽ» አለች ቀስ ብላ፣ በሽተኛ እንደምታባብል። አላማራትም መሰል፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ጀመረች። «የኔ ቆንጆ፣ እኔ አክስትሽ አይደለሁም፤ እናትሽ ነኝ።» ይኼኛው ደግሞ የሬዲዮ ማስታወቂያ ሆነባት። ለብቻዋ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠና ውሃው ብቻ ይሰማ ጀመር። ታላቅየዋ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ኮሪደሩ ላይ ተራዋን እየጠበቀች ነበር። ጆሮ መጣል ነውር መሆኑ አይጠፋትም፤ ግን ቤቱ ጠባብ ነው፣ በሩም ስስ ጣውላ ነው። በዚህ ቤት ምስጢር የሚጠበቀው በቁልፍ ሳይሆን ያልሰሙ በመምሰል ነው። እሷም ያልሰማች መስላ ወደ ኩሽና ተመለሰችና ሻይ ጣደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጡን የወለደቻት ታናሽየዋ ናት። ያኔ ራሷም ገና ልጅ ነበረች፤ ሥራ አገኘሁ ብላ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ሕፃኗ ጥርስ እንኳ አላበቀለችም። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ታላቅየዋ አቀፈቻት፣ አዘለቻት፣ ሕፃኗም አፏን ስትፈታ «እማ» ያለችው እሷን ሆነ። ለጎረቤቱ ሁሉ ማስረዳት ሲታክታቸው ቤተሰቡ አንድ ወሬ ይዞ ጸና፤ ታላቅየዋ እናት፣ ታናሽየዋ አክስት። አጎት ቢጠየቅ፣ የአጎት ሚስት ብትጠየቅ፣ ሁሉም ያንኑ ቃል ሳያዛንፍ ይደግማል። አሁን ታናሽየዋ ተመልሳለች። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከሥራዋ አጠገብ፣ ኪራዩ የደሞዟን ግማሽ የሚውጥ አንድ ክፍል ይዛለች። ዛሬ ማታ ለልጇ እውነቱን ትነግራታለች፤ ቅዳሜ ትወስዳታለች።

ታላቅየዋ እምቢ አላለችም። እምቢ ለማለት መብት እንዳላትም እርግጠኛ አይደለችም። የለመነችው ጊዜ ብቻ ነበር። «መጀመሪያ ትልመድሽ። ለጥቂት ወራት ሁለታችንም አብረን እንሁንላት፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለቻት ባለፈው ሳምንት ልብስ ሲያጥፉ። ታናሽየዋ የያዘችውን ትንሽ ሹራብ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አንቺ ቀስ ስትዪ እሷ አደገችብኝ እኮ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። ስለ ሳሙና መወደድ ተነጋገሩ፤ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ተነጋገሩ፤ ሹራቡ ለክረምት ይጠባት እንደሆነም ተነጋገሩ። ቅዳሜን ግን ሁለቱም በስሟ አልጠሯትም።

ቁርስ ላይ ሚጡ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ታናሽየዋን ትኩር ብላ አየቻት። «አክስቴ፣ መታጠቢያ ቤት ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?»

«እየዘፈንኩ ነበር።»

«ዘፈኑ አያምርም» አለች ሚጡ፤ ከዚያ እግሯን ወደ ታላቅየዋ ዘርግታ፣ «እማ፣ ጫማዬን እሰሪልኝ» አለቻት። ታላቅየዋ ተንበርክካ ስታስር እህቷ ከጠረጴዛው ሥር የቀሚሷን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ አየች። አሳዘነቻት። ራሷም ለራሷ አሳዘነቻት። ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

የታላቅየዋ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቶቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ፀሐይዋ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተኝታ ታረፍዳለች፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ቀስ እያለ ይዞራል፤ ሰው ሳይተኛ የሚያልምበት ዓይነት ክፍል ነው። ሥራዋ የከተማው ጤና ጣቢያዎች የሚከተቡ ሕፃናትን የሚመዘግቡበትን ዳታቤዝ መጠበቅ ነው። ዋናው ማሽን እዚሁ ፎቅ ላይ ነው፤ ቅጂዎቹ በየሰፈሩ ተቀምጠዋል። ዋናው ላይ የተጻፈም የተሰረዘም ወዲያውኑ ወደ ቅጂዎቹ ይፈስሳል፤ ዋናው ካስነጠሰ ሁሉም ተከትለው ያስነጥሳሉ። አንዷ ቅጂ ብቻ ሆን ተብሎ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንድትኖር ተደርጋለች። ሰው ቢሳሳት፣ ስሕተቱ ገና ያልደረሰበት አንድ ቦታ ይኑር ተብሎ ነው። መስመሩን የሚዘረጋውና የሚጠግነው ባልደረባዋ፣ ሽቦ የሚሉት ከሲታ ሰው፣ ይህችን ማሽን «እሜቴ» ብሎ ሰይሟታል። «ወሬ ሁሉ መንደሩን ዞሮ ካለቀ በኋላ ነው እሳቸው ዘንድ የሚገባው» ይላል።

ለታላቅየዋም ስም አላጣላትም፤ «ቀስ በቀስ» ይላታል፤ ፎቁም ሁሉ ተቀብሎት ቀረ። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ትጠብቃለች ማለቱ ነው። እሷ አትቀየምም። የዳታቤዝን ቅርጽ መለወጥ ሰው እየኖረበት ያለን ቤት እንደ ማደስ ነው፤ አዲሱ በር ሳይከፈት አሮጌው አይደፈንም። ስለዚህ አንድ ዓምድ በሌላ መተካት ሲያስፈልግ መጀመሪያ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ታቆማለች። ለወራት በሁለቱም ላይ ይጻፋል። ከዚያ አሮጌውን አሁንም የሚያነብ ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ማንም ከሌለ፣ ያን ጊዜ ብቻ ታወጣዋለች። ከዚህ ሥርዓት ዝንፍ ብላ አታውቅም።

ዛሬ የሚወጣው ዓምድ «እናት» የሚለው ነበር። አሮጌው መዝገብ ከእናት በቀር ልጅ የሚያመጣ ያለ አይመስለውም፤ አያት ብትመጣም፣ አባት ቢመጣም፣ «እናት» በሚለው ሥር ካልተጻፉ መስኮቱ አያሳልፋቸውም ነበር። በእሱ ምትክ ሁለት አዲስ ዓምዶች ቆመዋል፤ «አሳዳጊ» እና «ዝምድና»። ሐሳቡን ያመጣችው እሷው ናት፤ ለምን እንዳመጣችው ግን ለማንም አልተናገረችም። ኃላፊው ጠዋት በጠረጴዛዋ በኩል ሲያልፍ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ዛሬ እንገላገለዋለን አይደል?» አላት። «ጠይቄ ልጨርስ፣ አለቃ» አለች። «የኔ እህት፣ አንቺ ካልጠየቅሽ ፀሐይም አትወጣም» ብሎ እየሳቀ አለፈ።

ጤና ጣቢያዎቹን በስልክ ማዳረስ ጀመረች። ሁሉም አዲሱን እንደያዙ ነገሯት፤ አንዱ ስለ ሙቀቱ አማረረ፣ አንዷ ስለ ዘገየ ደሞዝ አወጋቻት። የወንዝ ዳሩ ጤና ጣቢያ ስልክ ተይዟል። ቆይታ ልትደግም አስባ ስልኩን አስቀመጠች። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፤ ታናሽየዋ ነበረች።

«እትዬ፣ ማታ ምን ልልበስ?»

«የምን ምን ልልበስ?»

«ስነግራት ነዋ። ስታድግ የምታስታውሰው ቀን እኮ ነው። ሰማያዊው ይሻላል ወይስ ጥቁሩ?»

ታላቅየዋ መስኮቱን አየች። ውጭ አንድ ሰውዬ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል፤ ድምፁ ከመዶሻው ዘግይቶ ይደርሳል። «ሰማያዊው ያምርብሻል» አለች።

«አንቺስ ትኖሪያለሽ?»

«የት?»

«አጠገቤ። ስነግራት።»

«እኖራለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሰማያዊው ቀሚስ አንገት ጥልፉ ይታያታል፤ ሚጡ ከእሱ ሥር ቆማ አንጋጣ ስታይ ይታያታል፤ ማራገቢያው ይዞራል። ሁሉንም ጠይቄ ጨርሻለሁ ብላ አሰበች። ትእዛዙን ጻፈች፣ አነበበችው፣ አሳለፈችው። ምንም ኮሽታ አልነበረም። «እናት» የሚለው ዓምድ ከዋናው ማሽን ወጣ፤ ከየሰፈሩ ቅጂዎችም ተከታትሎ ወጣ። ስኳር የበዛበትን ቀዝቃዛ ሻይዋን ጨልጣ ጠጣችና ፀሐይዋ ላይ ፈዝዛ ተቀመጠች። ምን ያህል እንደተቀመጠች አላወቀችም።

የቀሰቀሳት የወንዝ ዳሩ ነርስ ስልክ ነው። «ቀስ በቀስ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«ምን ሆነ፣ ሲስተር?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ! ማሽኑ ‹እናት የሚባል ነገር የለም› እያለኝ ነው። እኔ ደግሞ አግዳሚው ላይ የእናት መዓት ተደርድራ ታፈጥብኛለች። ልጆቹ እያለቀሱ ነው፤ ቀድሞ የተከተበና ያልተከተበ መለየት አልቻልኩም። ቆይ እሺ፣ ይቺን ‹እናት› የሚሏትን ወዴት ወሰድሽብኝ?»

ደግማ ሳትደውል መቅረቷ ትዝ አላት። ስልኩ የተያዘባት ጤና ጣቢያ! አዲሱ ፕሮግራም ገና ያልተጫነላት እሷ ብቻ ናት። ከመስኮቱ መዘጋት የከፋም አለ፤ አሮጌው ፕሮግራም አዲሶቹን ዓምዶች ስለማያውቃቸው፣ እዚያ በእነዚህ ወራት የተመዘገቡት ሕፃናት እናቶቻቸው የተጻፉት በአሮጌው ዓምድ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የሉም። የመቶ ሕፃን እናት በአንድ ትእዛዝ ጠርጋ አውጥታለች። ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ። ሽቦ ከጎን ጠረጴዛ ፊቷን አይቶ ሁሉም ነገር ገባው። «አይ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለ፤ በክፋት አይደለም፤ በዚህ ፎቅ ላይ ተረቱ ለእሷ ይነገራል ብሎ ማንም አስቦ ስለማያውቅ ነው። ከዚያ እሱም ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «እሜቴስ? ሰምታለች?»

ኮሪደሩን በሩጫ አቋረጡት። የማሽኖቹ ክፍል ይቀዘቅዛል፤ አረንጓዴ መብራቶች ጨለማው ውስጥ ቁልጭ ቁልጭ ይላሉ። ሽቦ የጀርባውን ገመድ ሲፈትሽ እሷ ቁልፎቹ ላይ ተደፋች። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። አቆመቻት። እሜቴ የመጨረሻውን ወሬ ከመስማቷ በፊት ጸጥ ብላ ቆመች። ታላቅየዋ ፈለገች፤ ዓምዱ አለ። እናቶቹ ሁሉ በየልጆቻቸው ስም አጠገብ እንደ ተቀመጡ አሉ። ሽቦ በረዥሙ ተነፈሰና፣ «እሜቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» ብሎ የማሽኗን ሣጥን ሳመው።

ስሞቹን እያወጣች ሳለ አንድ እንግዳ ነገር ተሰማት። እዚህ ውስጥ፣ ከዚህ የማሽን መስታወት ወዲያ፣ ገና ያ ሰዓት ነው። እዚህ ስልክ አልተደወለም። ሰማያዊ ቀሚስ አልተመረጠም። እዚህ ሁሉም እንደ ነበረ ነው፤ ማንም ማንንም ገና አልነጠቀም። ማድረግ ያልነበረባትንም አደረገች፤ የሚጡን ስም ጻፈች። «እናት» ከሚለው ሥር የራሷ ስም ወጣ። ለክትባት ያስመዘገበቻት ቀን ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ መስኮቱ ፊት መቆሟን አስታወሰች፤ መዝጋቢዋ ቀና ሳትል «እናት?» ስትል፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሲገፋት፣ እሷም «እኔ» ማለቷን። ስትዋሽ አልነበረም፤ ልጅቷን የራሷ ለማድረግም አልነበረም። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ልጅቷ ተኩሷት ነበር፤ ሌላ «እኔ» የሚል ሰውም በአካባቢው አልነበረም። እዚህ ክፍል ውስጥ ብትቀር ደስ ባላት ነበር። ለብርዱ ሹራብ ደርባ፣ ወሬ በማይደርስበት፣ ከዚህ ስም ጋር ብትቀመጥ።

ግን ወንዝ ዳር ልጆች ያለቅሳሉ። ዓምዱን ዋናው ማሽን ላይ መልሳ አቆመችው፤ ስሞቹን መለሰች፤ ቅጂዎቹ ተከተሉ። ነርሷ ደውላ፣ «መጣች! እናት መጣች!» ብላ ጮኸችባት፤ ከኋላዋ የአግዳሚው ሰው ሲስቅ ይሰማል። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አዳመጠ። አልተቆጣም። «በሪፖርቱ ላይ ይጻፋል፣ ታውቂያለሽ» አላት። «አውቃለሁ፣ አለቃ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አያት። «ቤትሽ ምን ሆኗል?» ብሎ ጠየቃት። «ሰላም ነው» አለች። «እንግዲያው ወደ ሰላምሽ ሂጂ፤ ዛሬ ሌላ ነገር አትንኪብኝ።»

ሽቦ አሁንም እሜቴ አጠገብ ነበር። «እንልቀቃት?» አላት። «ትንሽ ትቆይ» አለች ታላቅየዋ፤ ለምን እንዳለችው ግን ልትነግረው አልቻለችም። እሱም ገመድ እየጠቀለለ፣ «ቆማ ከቀረች እኮ ለነገ ስሕተት አትደርስልንም። መሄድ አለባት፤ ዘግይታም ቢሆን» አለ። ትክክል ነው። ራሷ ለቀቀቻትና ኮቷን አንሥታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላው ብርሃን ቢጫ ነበር። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀድማ ደረሰችና ከወላጆቹ ጋር ቆመች፤ ስለ ደብተር ዋጋ ይወራል፣ ስለ ማስጠኛ ክፍያ ይወራል፣ እሷም ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። አንድ ነገር ወስናለች። ነገሩን የምትናገረው ታናሽየዋ ናት፤ ያን አትነጥቃትም። ግን ልጅቷ ማታ ድንገት ዱብ እንዳይልባት፣ መንገድ ላይ ለስለስ አድርጋ ታዘጋጃታለች። ሚጡ ቦርሳዋ እያንገዳገዳት ስትወጣ አይታ፣ «እማ! ዛሬ ምነው አንቺ መጣሽ?» ብላ ሮጠችና ወገቧን አቀፈቻት። ታላቅየዋ ቦርሳውን ተቀብላ የልጅቷን እጅ ያዘች።

መንገድ ላይ ብርቱካን ጠየቁ። ሻጯ የጠራችው ዋጋ አያስቀርብም፤ ታላቅየዋ በልማድ «ኧረ ቀንሺ፣ በልጅቷ» አለቻት። «ለቆንጆ ልጅሽ ብዬ ነው» ብላ ሻጯ አንድ ጨመረችላቸው። ሚጡ ብርቱካኑን በሁለት እጇ ይዛ እያሸተተችው ትሄዳለች። የጎዳናው ዛፎች ጥላ እግራቸው ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ታላቅየዋ ቃሉን ሦስቴ አፏ ላይ አምጥታ ሦስቴ መለሰችው። በመጨረሻ፣ «ሚጡዬ፣ ዛሬ ማታ አክስትሽ አንድ ነገር ትነግርሻለች» አለቻት።

«እናቴ እሷ እንደሆነች?»

ታላቅየዋ ቆመች። ከኋላ የሚመጣ ሰው ገፍቷት አለፈ፤ ይቅርታም አልጠየቀም። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ድሮ በስልክ ስታወሩ ሰማሁ። የፊት ጥርሴ ሳይነቀል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታለቅሻለሽ ብዬ ነዋ» አለች ሚጡ፤ ይህ ደግሞ መጠየቅ የሌለበት ነገር እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ እሺ? ማታ ስትነግረኝ እደነግጥላታለሁ። ስንት ቀን ሙሉ መስታወቱ ላይ ስትለማመድ ከረመች» አለች።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሁለት ትልልቅ ሴቶች አንዲትን ልጅ ለመጠበቅ በእግር ጣታቸው ሲሄዱ፣ ልጅቷ ደግሞ እነሱን ስትጠብቅ ኖራለች። ታላቅየዋ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት፤ ሁለቱንም ተወችና አጎንብሳ የሚጡን አንገትጌ አስተካከለች፤ ምንም አልተጣመመም ነበር። መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቤታቸው ያለበት መታጠፊያ ሲደርሱ ሚጡ ዝግ አለች። ከላይ፣ በኩሽናው መስኮት፣ ሰማያዊ ነገር ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል። ታናሽየዋ ከአሁኑ ለብሳ እየተንጎራደደች ነው።

«እዚያኛው ቤት ስሄድ፣ ሌሊት ከፈራሁ ማንን ልጥራ?» አለች ሚጡ።

ታላቅየዋ «እኔን ጥሪ» ልትል ነበር። ከተማውን አቋርጬ እመጣለሁ፣ በባዶ እግሬም ቢሆን እመጣለሁ ልትላት ፈለገች፤ እውነትም ትመጣ ነበር። «እሷን ጥሪ» አለቻት።

«እሷ እኮ እንቅልፏ ከባድ ነው። አንቺ ገና ስገላበጥ ነው የምትነሺው።»

«ደግመሽ ጥሪያት።»

«‹አክስቴ› ብዬ?»

«‹እማ› ብለሽ። ያን ጊዜ ትነሣለች።»

ሚጡ ጥቂት አሰበች። መስኮቱን አንጋጣ አየች፤ ከዚያ ብርቱካኑን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ለሙከራ ያህል፣ ቀስ ብላ «እማ» አለች።

ታላቅየዋ ከንፈሯ ላይ የደረሰውን «ወዬ» ዋጠችው።